ከአንቀልባ እስከ ምርኩዝ፦ በባሕር ዳር ስለተከታተልሁት የሰው ልጅ ዕድገት ሥልጠና

ባለፈው ግንቦት መጀመሪያ በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ፣ የሰው ልጅ ከልደት እስከ እርጅና የሚያልፍባቸውን የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ዕድገት ደረጃዎች የሚያስተምር የስምንት ቅዳሜዎች ሥልጠና ተጀምሮ ነበር። የተዘጋጀው ለወላጆች፣ ለመምህራንና አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሰዎች ነው። ክፍያው ለአንድ ሰው 1,800 ብር ሲሆን፣ 64 ገጽ ያለው የታተመ መመሪያ፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይና ዳቦ፣ በመጨረሻም የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ይጨምራል። አንድም ቀን ሳልቀር ስለተከታተልሁትና ሥልጠናው ይጠቅም እንደሆነ የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስለበዙ፣ ያየሁትን በጎ ነገርም ጉድለትም በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የአዘጋጁን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዎቼን በጽሑፍ ያስገባሁላቸው ስለሆነ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ለማረም ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

በቤቴ ሦስት ትውልድ ይኖራል። የ81 ዓመቷ እናቴ ከዘጌ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወንዱ ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ትንሿ ልጄ ባለፈው ጥር አራት ዓመት ሞላት። እኔ 46 ዓመቴ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ትንሿ ጫማዬን ራሴ ካላሰርሁ እያለች በየጠዋቱ ታስረፍደናለች፤ እናቴ ደግሞ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ቡና ጭነው በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የመጡበትን አንድ ቀን ደጋግማ ትተርካለች። እነዚህን ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ የቤት ችግሮች እቆጥራቸው ነበር። ሥልጠናው ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ የተለያየ ቦታ የደረሱ ሰዎች መሆናቸውን፣ እኔም ከመንገዱ ዳር ቆሜ የማይ ሳልሆን በዚያው መንገድ ላይ ያለሁ መሆኔን ስላሳየኝ ነው።

የሥልጠናው መሠረት በዋናነት የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች የሚከፍለው የሥነ ልቦና ሊቁ የኤሪክ ኤሪክሰን ንድፈ ሐሳብ ነው። ከዚህ በታች ስለ ባለሙያዎቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤሪክሰን በ1902 በጀርመን ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ በቪየና የታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ከሆነችው ከአና ፍሮይድ ዘንድ ተምሮ፣ በ1933 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። የወለደውን አባት ማንነት ሳያውቅ በእንጀራ አባቱ ስም አድጎ፣ የአሜሪካ ዜግነት ባገኘበት በ1939 ኤሪክሰን የሚለውን ስም ለራሱ መረጠ። አሠልጣኛችን፣ ለብዙ ዓመታት ሥነ ልቦና ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ በዚህ ታሪክ መክፈታቸው ትክክል ነበር፤ ስለ ማንነት ጥያቄ ዕድሜ ልኩን የጻፈ ሰው ጥያቄውን ከየት እንዳገኘው ስናውቅ፣ ስምንቱን ደረጃዎች እንደ ደረቅ ሠንጠረዥ ከማየት ድነናል። ደረጃዎቹን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ከማቅረቡ በፊት፣ በደቡብ ዳኮታ በሚኖሩት ሱ (Sioux) በተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድና በካሊፎርኒያ በክላማዝ ወንዝ ዳር ሳልመን የተባለውን ዓሣ እያሰገሩ በሚኖሩት በዩሮክ ሕዝቦች ዘንድ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ አጥንቷል። ስለ ዩሮኮች ሲነገር ከአጠገቤ የተቀመጡት፣ ቤተሰባቸው ከጣና ዓሣ እያሰገረ ያሳደጋቸው ሰው፣ ጀርባቸውን ከወንበሩ አንሥተው ማዳመጥ መጀመራቸውን አስተውያለሁ።

የንድፈ ሐሳቡን እምብርት አሠልጣኙ በሚገባ አስረድተውናል። በየደረጃው ሁለት ስሜቶች ይሳሳባሉ፤ ሰው ከደረጃው በጤና የሚወጣው አንዱን ስሜት ፈጽሞ በማጥፋት ሳይሆን መልካሙ ሚዛን እንዲደፋ በማድረግ ነው። በመጀመሪያው ዓመትና ከዚያም ጥቂት ወራት በኋላ ባለው ጊዜ መተማመንና አለመተማመን ይሳሳባሉ፤ ሕፃኑ ሲርበው የሚያጠባው፣ ሲያለቅስ የሚያነሣው ሰው ሳይዛነፍ ከመጣለት ዓለም የሚታመን ቦታ መሆኑን ይማራል፤ ኤሪክሰን ከዚህ የሚገኘውን ጥንካሬ ተስፋ ይለዋል። ሆኖም ጥቂት አለመተማመንም ያስፈልገዋል፤ ሁሉን የሚያምን ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር ሄዶ ሐይቁ ዳር ይገኛልና።

በዚህ ክፍለ ጊዜ የተነሣው ክርክር ከስምንቱ ቅዳሜዎች ሁሉ የማይረሳኝ ነው። አንዲት ተሳታፊ የአርባ ቀን ዕድል የሚባለውን አነሡ። በእኛ ዘንድ የሰው ዕጣ በተወለደ በአርባ ቀኑ ይጻፋል ተብሎ ይታመናልና፣ የመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ይወስናል ማለት ከዚህ በምን ይለያል ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙ ጥያቄውን አልናቁትም። ኤሪክሰን የመጀመሪያው ደረጃ ለቀጣዮቹ መሠረት ይሆናል አለ እንጂ የተጻፈ ዕጣ ነው አላለም፤ በሕፃንነቱ የተጎዳ ሰው በኋላ በሚያገኘው ታማኝ አያት፣ መምህር ወይም የትዳር ጓደኛ አማካይነት ሚዛኑን መልሶ ሊያስተካክል ይችላል፤ በጥሩ ጅምር ያደገም ሰው በኋላ በሚደርስበት መከዳት መተማመኑን ሊያጣ ይችላል በማለት መለሱ። ሴትየዋ በመልሱ ሙሉ በሙሉ እንዳልረኩ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን ጥያቄያቸውም መልሱም ለብዙ ቀናት ሲያሳስበኝ ቆየ፤ በቤተሰባችን ውስጥ ዕድሉ ነው እየተባለ የተተወ ሰው ስላለ ነው።

በዚያው ቀን ስለ ሜሪ ኤንስዎርዝ ሰማን። ይህች ተመራማሪ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚቆራኙ ያጠናችው በቅድሚያ በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ሳይሆን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት እየሄደች ነው። ብዙዎቻችን ይህን ዕውቀት ከሩቅ አገር የመጣ ብቻ አድርገን እናየው ስለነበር፣ ከመሠረቶቹ አንዱ ልጆቻቸውን እንደ እኛ አዝለው በሚያሳድጉ አፍሪካውያን እናቶች ደጃፍ መጣሉን ማወቅ ለአዳራሹ ትልቅ ነገር ነበር። አሠልጣኙ በአንቀልባ የታዘለ ልጅ የእናቱን ሙቀትና እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ እያገኘ እንደሚያድግ ሲያስረዱ፣ ከተሳታፊዎቹ መካከል አንቀልባን ትተው በሕፃን ጋሪ የተኩ ሁለት ወጣት እናቶች እርስ በርስ ተያዩ።

ሁለተኛው ደረጃ፣ ራስን የመቻል ፍላጎት ከእፍረትና ከጥርጣሬ ጋር የሚሳሳብበት፣ በችኮላ ታልፏል፤ በዚህ ቅር ብሎኛል። መመሪያው ሕፃኑ ራሱ እንዲበላና ራሱ እንዲለብስ ይፈቀድለት ብሎ ያልፋል እንጂ፣ በይሉኝታ በሚተዳደር ኅብረተሰብ ውስጥ እፍረት ምን ቦታ እንዳለው አንድም ቃል የለውም። እኛ ልጅን የምንገራው በነውር ነው፤ እንግዳ ፊት ነውር፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ነውር፣ ምግብ ሲቀርብ ቀድሞ መዘርጋት ነውር። ከዚህ ውስጥ ልጁን ጨዋ የሚያደርገው የቱ ነው፣ ገና ከጅምሩ በራሱ እንዳይተማመን የሚያደርገውስ የቱ ነው? ይህን ለመለየት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቢሰጠው አይበዛበትም ነበር።

እዚህ ላይ የመመሪያውን አንድ ችግር ላንሣ። በ9ኛው ገጽ ላይ ደረጃዎቹን ከነዕድሜ ክልላቸው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ ሁለተኛው ደረጃ ሦስት ዓመት ላይ ያበቃል ይላል። የእኔ ልጅ አራት ዓመት ሞልቷት ሳለ ጫማዬን ራሴ ካላሰርሁ እያለች ስለምትታገል፣ ሠንጠረዡን አይቼ ወደ ኋላ የቀረች መስሎኝ አንድ ሳምንት ተጨንቄአለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሠልጣኙን ስጠይቃቸው፣ ዕድሜዎቹ ግምቶች እንደሆኑ፣ የአንዱ ደረጃ ጥያቄ በሌላው ውስጥ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ልጄም ጤናማ የሆነውን እንደምታደርግ አስረዱኝ። ይህ ማብራሪያ በቃል ከመነገር ይልቅ በሠንጠረዡ ሥር መጻፍ ነበረበት፤ ጥያቄ የማያነሣ ወላጅ ሠንጠረዡን እንደ ክትባት ካርድ ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ግድም ያለው፣ ልጁ በራሱ ተነሣሥቶ የሚያቅድበትና የሚጫወትበት፣ አብዝተው ሲገድቡት ደግሞ የጥፋተኝነት ስሜት የሚሰማው ጊዜ ነው። መመሪያው ልዩ ልዩ መጫወቻዎችን መግዛትን ይመክራል። አሠልጣኙ ግን ከመመሪያው ወጥተው ስለ እቃቃ ተናገሩ፤ ቆርኪን ሰሐን፣ ጭቃን ወጥ አድርጎ አባትና እናት የሚሆን ልጅ ይህ ደረጃ የሚጠይቀውን ሁሉ እየሠራ ነው አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ የግቢውን አፈር ስታቦካ አልቆጣም።

የአራተኛው ደረጃ ክፍለ ጊዜ በአንድ የትርጉም ስሕተት ምክንያት ግማሹ ባክኗል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ልጁ ነገሮችን መሥራትና መፈጸም ይማራል፤ ከተሳካለት የትጋት፣ ካልተሳካለት የበታችነት ስሜት ያድርበታል። የመመሪያው ተርጓሚ ግን ትጋት የሚለውን ትቶ፣ በእንግሊዝኛው ቃል ድምፅ ተመርቶ፣ ኢንዱስትሪ ብሎታል። በጣልያን የጦር ካሳ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሁለት ትውልድ እንጀራ በሆነባት ከተማ ኢንዱስትሪ የሚለው ቃል ለሰሚ ፋብሪካን ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ አባታቸው በዚያ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት ተሳታፊ፣ ሕፃናትን ፋብሪካ ማስገባት ይደግፋል ማለት ነው ወይ ብለው በቅንነት ጠየቁ። ጥያቄው የእርሳቸው ስሕተት አልነበረም። ባሕር ዳር ከፔዳጎጂ አካዳሚው ዘመን ጀምሮ መምህራንን ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ለዚህ ትምህርት ትክክለኛ የአማርኛ ቃላትን የሚያውቅ ባለሙያ በቅርብ ይገኛልና፣ ገንዘብ የሚከፈልበት መመሪያ ሳይታረም መታተሙ አያስመሰግንም።

ከቃሉ ባሻገር ግን ውይይቱ ፍሬ ነበረው። ልጆቻችን ሰርተፍኬት ሲያመጡ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንተኛ ወጣህ? ከ60 ተማሪ አንዱ አንደኛ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ የቀሩት 59 ልጆች በዚህ ጥያቄ ምን እንደሚማሩ አሠልጣኙ አሳሰቡን። አንደኛ ደረጃ መምህር የሆኑ አንድ ተሳታፊ ደግሞ፣ በክልላችን ባለፉት ዓመታት ከትምህርት ገበታ ተለይተው የቆዩ ልጆች ሲመለሱ ከዕድሜያቸው በታች ካሉ ልጆች ጋር መቀመጥ እንደሚያሳፍራቸው፣ ፊደል ከመርሳታቸው ይልቅ አልችልም የሚል ስሜት ማደሩ እንደሚከብድ ተናገሩ። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ለእነዚህ ልጆች ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሥልጠና አቅም በላይ ቢሆንም፣ ችግሩን በትክክለኛ ስሙ መጥራት መቻላችን በራሱ የሚናቅ አይደለም።

አምስተኛው ቅዳሜ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ነበር። በጉርምስና ማንነትና የሚና መደናገር ይሳሳባሉ፤ ወጣቱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምን፣ ምን መሆን እንደሚፈልግ ይፈትሻል። አሠልጣኙ በ1966 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሲያ ያቀረበውን አከፋፈል ጨመሩልን። ማርሲያ ወጣቶች የሚገኙበትን ሁኔታ በአራት ይከፍለዋል፦ ገና ፍለጋም ያልጀመሩ፣ በፍለጋ ላይ ያሉ፣ ፈልገው የደረሱበት፣ እንዲሁም ምንም ሳይፈትሹ ሌሎች ያዘጋጁላቸውን ማንነት የተቀበሉ። ይህ የመጨረሻው ቃል በቃል የእኛን ቤት የሚገልጽ ነበር። ልጄ ሕክምና እንዲያጠና የወሰንሁት እርሱ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ነው፤ እርሱም እሺ ብሏል፤ እሺታውንም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደ ብስለት ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ማርሲያ እንደሚለው ከሆነ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ በሩን የሚዘጋው ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ እሺ ካለው ልጅ ይልቅ ወደ ማንነቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ኤሪክሰንም ኅብረተሰብ ለወጣቶች ሳይቸኩሉ የሚፈትሹበትን የዕፎይታ ጊዜ መስጠት እንዳለበት ጽፏል። ብሔራዊ ፈተና ደጃፍ ላይ ለቆመ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ ዕፎይታ ከወዴት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ፤ አሠልጣኙ ፈተናውን ማስቀረት አይችሉም፤ ወላጅ ግን ከፈተናው በኋላ የሚመጣውን ምርጫ ለልጁ መተው ይችላል ብለው መለሱልኝ። በዚያ ምሽት ለልጄ ምን እንዳልሁት እዚህ አልጽፍም፤ በሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ገርበብ ብሎ ይታያል።

ስድስተኛው ደረጃ፣ በወጣትነት ዘመን የጠበቀ ቅርርብና መነጠል የሚሳሳቡበት፣ በመመሪያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ በምዕራባውያን ልማድ ተጽፏል፦ ሰው መጀመሪያ ማንነቱን ያገኛል፣ ከዚያ አጋሩን ይመርጣል። አንዲት በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ተሳታፊ ግን በ14 ዓመታቸው በገጠር እንደተዳሩ፣ በ16 ዓመታቸው እንደወለዱ፣ እኔ ማን ነኝ የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ በማታ ትምህርት ሲመዘገቡ እንደሆነ ነገሩን። ሕጉ ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ካደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእርሳቸው ታሪክ ግን በአዳራሹ ውስጥ ለብዙዎች እንግዳ አልነበረም። አሠልጣኙ እዚህ ላይ መጽሐፋቸውን ዘግተው ማዳመጣቸውን አከበርሁላቸው። ከዚያም የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ጊሊጋን በ1982 ያቀረበችውን ትችት ጠቀሱ፤ የዕድገት ንድፈ ሐሳቦች በአብዛኛው የወንድን ሕይወት መለኪያ እንዳደረጉ፣ ለብዙ ሴቶች ማንነትና ቅርርብ ተራ በተራ የሚመጡ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚበቅሉ መሆናቸውን የሚያስረዳ ትችት ነው። ይህ ትችት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በ14 ዓመቷ ለተዳረች ልጅ አይበቃም። እርሷ ማንነቷንና ቅርርቧን አጣምራ አልኖረችም፤ ሁለቱም ሳትጠየቅ ተወስደውባታል። ይህን ልዩነት ሴትየዋ ከመመሪያው በተሻለ አስተምረውናል፤ አዘጋጆቹ ለሚቀጥለው ዙር ክፍያ ከፍለው ተናጋሪ አድርገው ቢጋብዟቸው ተገቢ ነው እላለሁ።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሰባተኛው ቅዳሜ አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተከራይቷል ተብሎ በዕለቱ ጠዋት በስልክ መልእክት ተሰረዘ። ምትክ ቀን አልተያዘም፤ ከክፍያውም የተመለሰ የለም። በዚህም ምክንያት ከአርባ ዓመት በኋላ ያለው የሰው ልጅ ሕይወት በሙሉ፣ ማለትም ጉልምስናም እርጅናም፣ በመጨረሻው ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጭቆ ተሰጠ። ለአረጋውያን ተንከባካቢዎች ተዘጋጀ ተብሎ በተነገረ ሥልጠና ውስጥ እርጅና የደረሰው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ የሰኔው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየመታ አሥሩን ደቂቃ አሳጥቶናል። እናታቸውን ወይም አባታቸውን ለመጦር ብለው የመጡ ቢያንስ አምስት ሰዎች በአዳራሹ ነበሩ።

በተረፈው ጊዜ ስለ ሰባተኛው ደረጃ የሰማሁት ግን አሳስቦኛል። ኤሪክሰን በጉልምስና ዘመን የሚሳሳቡት ተተኪን የማፍራት ፍላጎትና ባሉበት ደርቆ መቅረት ናቸው ይላል። እኛ ልጅ የሌለውን ሰው ጧሪ ቀባሪ የለውም እንላለን፤ ልጅን የምናስበው ነገ ከሚሰጠን ነገር አንጻር ነው። ኤሪክሰን ጥያቄውን ገልብጦ ያቀርበዋል፤ የሚጦረኝ ማን ነው ሳይሆን እኔ የምንከባከበውና የማቆየው ማንንና ምንን ነው? በዚህ አነጋገር ልጅ ያልወለደ መምህር፣ ለእድሩ የሚደክም ጎረቤት፣ ሙያውን ሳይሰስት የሚያስተምር አናጺ ሁሉ ይህን ደረጃ በሚገባ ይኖሩታል። ጧሪ ቀባሪ የሚለው ቃል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እናቴን የምጦረው ራሴ ነኝና። ነገር ግን በልጄ የሕክምና ትምህርት ላይ የነበረኝ ጽናት ከየትኛው ጥያቄ እንደመጣ እንድመረምር አድርጎኛል።

ስምንተኛው ደረጃ ላይ የትርጉሙ ችግር እንደገና ይመጣል። በእርጅና የሚሳሳቡት ያለፈውን ሕይወት እንደ አንድ ሙሉ ነገር መቀበልና ተስፋ መቁረጥ ናቸው። መመሪያው የመጀመሪያውን ታማኝነት ብሎ ተርጉሞታል፤ በአምስተኛው ደረጃ የወጣቱ ጥንካሬ የተባለውም ታማኝነት ነው፤ አንባቢው ሁለቱን እንዴት ይለያቸዋል? ለኋለኛው ምሉዕነት የሚለው ቃል በተሻለ ይስማማል፤ ሰው ዕድሜውን መለስ ብሎ ሲያይ፣ ከነጉድለቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር ብሎ ሲቀበለው የሚያገኘው ሙላት ነውና። ከኤሪክሰን ሞት በኋላ፣ በ1997፣ ባለቤቱና የሥራ አጋሩ ጆአን ኤሪክሰን ዘጠነኛ ደረጃ መጨመሯም በመመሪያው የለም። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዕድሜ አካል ሲደክም ቀደም ያሉት ትግሎች ሁሉ፣ የመጀመሪያው የመተማመን ትግል ሳይቀር፣ እንደገና ይመጣሉ ትላለች፤ ራሷ በዘጠናዎቹ ዕድሜ ላይ ሆና ስለጻፈችው ሊታለፍ የማይገባ ምስክርነት ነው። የ81 ዓመቷ እናቴ ከአልጋ ስትነሣ እጄን አጥብቃ የምትይዝበትን አያያዝ ያየ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል።

ለመጨረሻው ቅዳሜ እንግዳ መጋበዝ ይፈቀድ ስለነበር እናቴን ይዤያት ሄጄ ነበር። ምርኩዟን ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ሰማች። አሠልጣኙ ሊዘጉ ሲሉ፣ አረጋውያን ያለፈውን ደጋግመው መተረካቸው የአእምሮ መድከም ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት፣ ሮበርት በትለር የተባለ ሐኪም በ1963 ይህን የሕይወት ክለሳ ብሎ እንደጠራው፣ ሰው ያልቋጨውን ነገር ለመቋጨት እንደሚያደርገው በሁለት ደቂቃ ተናገሩ። ለእኔ የ1,800 ብሩ ዋጋ ያለው በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስንመለስ በባጃጅ ውስጥ እናቴ የታንኳውን ታሪክ እንደ ልማዷ ጀመረች፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጨርሼላት ከማለፍ ይልቅ፣ ገበያ ከደረሳችሁ በኋላስ ምን አየሽ ብዬ ጠየቅኋት። ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አየሁ አለችኝ። አባቷን እኔንም እዚህ ተወኝ ብላ ለምናው እንደነበር፣ እርሱም ዝም ብሎ ታንኳውን እንዳዞረ ነገረችኝ። ይህን ክፍል በ46 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ስለ አገልግሎቱ የቀረውን ላጠቃልለው። አዳራሹ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ የድምፅ ማጉያው ግን ዝናብ ሲዘንብ ምንም አይጠቅምም። የመመሪያው ፊደል በጣም ደቃቅ ስለሆነ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ለማንበብ ተቸግረዋል። ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች የሚያስቀምጡበት ስፍራ የለም፤ ሦስት እናቶች በዚህ ምክንያት አቋርጠዋል፤ ስለ ሕፃናት ለሚያስተምር ተቋም ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሻይና ዳቦው በሰዓቱ ይቀርብ ነበር። የአሠልጣኙ ዕውቀት፣ ትዕግሥትና የተሳታፊን ቃል ማክበር ከሌላው ጉድለት ሁሉ ያመዝናል። ለአረጋዊ ወላጅ እንክብካቤ ብቻ ብሎ የሚመዘገብ ሰው አሁን ባለው አደረጃጀት ገንዘቡን ያህል አያገኝም፤ ጎረምሳ ልጅ ያለው ወላጅና ማንኛውም መምህር ግን ቢመዘገብ አይቆጭም። ምስክር ወረቀቱን ብቻ ፈልገው የመጡ ጥቂት ሰዎችም ነበሩ፤ ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ግን እነርሱም ጠያቂዎች ሆነው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ዙር በጥቅምት እንደሚጀመር ተነግሮናል። በሰጠሁት ጽሑፍ የጠየቅሁት እርጅና ሙሉ ቅዳሜ እንዲሰጠው፣ የሁለቱ ቃላት ትርጉም እንዲታረም፣ የሚሰረዝ ቀን ምትክ እንዲያዝለት፣ የመመሪያውም ፊደል እንዲጎላ ነው። መልስ እስካሁን አልደረሰኝም። ባለቤቴ ግን ከወዲሁ ልትመዘገብ ወስናለች፤ እርሷ በምትሄድባቸው ቅዳሜዎች ትንሿን ልጅ የምይዘው እኔ ነኝ፤ እናቴም የእርጅናው ቀን ሲደርስ እንድነግራት አዝዛኛለች።